የዶላር ምልክት ያለበት ፎልደር ከየት መጣ?

ፍኖተ ሰላም ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ቤት ያለው አንባቢ እንዲህ ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ማሽኔ ኡቡንቱ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከተቀየረ ወዲህ ጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም) ጠባዩ ተለወጠ። ከሜኑ ስከፍተው ለጉርድ ፎቶ ያዘጋጀሁት ሁሉ አለ። የደንበኞች ፎልደር ውስጥ ሆኜ ከተርሚናል ስከፍተው ግን ገና ዛሬ የተጫነ ይመስላል። ደግሞ ስሙ $ሆም የሚል ፎልደር እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። መብራት እየሄደ ይሆን ያበላሸው?»

መብራት ብዙ በደል አለበት፤ ይህን ግን አልሠራም። መብራት ሲጠፋ ፋይል ይበላሻል እንጂ ባለ ዶላር ፎልደር አይወለድም። ደብዳቤህን ሳነብ ወዲያው የጠረጠርኩት አንድ ፋይል ነው፦ ለመላው ማሽን የሚሆን ሴቲንግ የሚጻፍበት /ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት። ዲስኩን የቀየረልህ ሰው እዚያ ላይ አንድ መስመር ጨምሮልሃል።

ከሁሉ በፊት ግን ያንን ፎልደር በተርሚናል እንዳታጠፋው! «አርኤም -አር» (ፎልደር የሚያጠፋው ትእዛዝ) ብለህ ስሙን እንዳየኸው ብትጽፍ፣ ተርሚናሉ ባለ ዶላሩን ቃል በራስህ ሆም ፎልደር ይተካዋል። የሚጠፋው ቆሻሻው ሳይሆን የደንበኞችህ ፎቶ በሙሉ ነው።

አሁን ተርሚናል ክፈትና «ፕሪንትኢንቭ» በል። (ስሞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፋቸው።) ኤክስዲጂ_ኮንፊግ_ሆም የሚለውን መስመር ፈልግ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ /ሆም/ ብሎ የአንተን ስም ካልጠራ፣ ይልቁንስ $ሆም የሚለው ቃል እንዳለ ከተቀመጠ፣ ሌባው ተያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የት እንደሚያስቀምጡ የሚጠይቁት ይህን ተለዋዋጭ (ስም ያለው፣ ፕሮግራሞች የሚያነቡት እሴት) ነው። ተለዋዋጩ ከሌለ ወይም ባዶ ከሆነ በራሳቸው ሆም ፎልደርህ ውስጥ ወዳለው .ኮንፊግ ይሄዳሉ። ዳታው ወደ .ሎካል/ሼር፣ ጊዜያዊው ወደ .ካሽ ይገባል። ዲስኩን የቀየረው ሰው የጻፈውም «$ሆም/.ኮንፊግ» ብሎ ያንኑ ቦታ ነው፤ ማለትም ማንም ሳይነካው የሚሆነውን ነገር ነው ሊያስተካክል የተነሳው! ለዚህም ሳያስከፍልህ አልቀረም። /ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት ደግሞ ስክሪፕት አይደለም። የሚያነበው ሼል (የተርሚናል ትእዛዝ የሚፈታው ፕሮግራም) ሳይሆን ፓም የሚባለው የመግቢያ ሥርዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ዶላር አይፈታም፣ የተጻፈውን ቃል በቃል ያስተላልፋል። ለአውቶቡስ ረዳት ኩንታል ጤፍ አሸክመህ «ቤት አድርስልኝ» ብለህ የማን ቤት እንደሆነ ሳትነግረው እንደ መቅረት ነው። የእነዚህ የኤክስዲጂ ተለዋዋጮች ደንብ መንገዱ በ/ ካልጀመረ ፕሮግራሙ ቸል እንዲለው ያዛል። ደንቡን የሚያከብሩ አሉ፤ የማያጣሩም ሞልተዋል። የማያጣራው ፕሮግራም በተነሳበት ቦታ ሁሉ $ሆም የሚል ፎልደር ይፈጥርና ሴቲንጉን እዚያ ይከታል። ከሜኑ ሲነሳ ሆምህ ውስጥ፣ ከደንበኞች ፎልደር ሲነሳ ደግሞ እዚያው ነው። ሁለት ጠባይ ያመጣብህ ይኸው ነው።

ጥገናው አጭር ነው። የፋይሉን ቅጂ አስቀምጥ። በ«ሱዱ ናኖ» (በአስተዳዳሪ መብት በሚሠራው የጽሑፍ ማረሚያ) ክፈተውና ያቺን አንድ መስመር ብቻ አጥፋ። «ፓዝ» የሚለውን መስመር እንዳትነካ፤ እሱ ከተበላሸ ትእዛዞችህ ሁሉ «አልተገኘም» ይሉሃል። አስቀምጠህ ማሽኑን አጥፍተህ አስነሳ፤ ተርሚናሉን መዝጋት ብቻ አይበቃም።

ሲነሳ ጊምፕ ባዶ ቢሆን አትደንግጥ። ጊምፕን ዝጋው። በፋይል ማናጀር ሆም ውስጥ ኮንትሮልና ኤች ተጫን፤ በነጥብ የሚጀምሩት ይታያሉ። $ሆም ውስጥ ካለው .ኮንፊግ የጊምፕን ፎልደር ኮፒ አድርግና በእውነተኛው .ኮንፊግ ውስጥ ለጥፍ። አሁን ሲከፈት የጉርድ ፎቶህ ሴቲንግ ይመለሳል።

ዲስኩንም አልወደድኩትም። ዋጋው ርካሽ የሆነ «አዲስ» ዲስክ ገበያ ላይ ሲበዛ ሁሌ እጠረጥራለሁ። «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተህ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) እይ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ብዙ ሺህ ሰዓት ካየህ ለሸጠልህ ሰው አሳየው። ባክአፑንም መጠኑ በዋሸ ርካሽ ፍላሽ ላይ አታድርግ።

ወደፊት የእውነት ተለዋዋጭ መቀየር ከፈለግህ በራስህ .ፕሮፋይል ውስጥ በ«ኤክስፖርት» ጻፈው፤ እሱን ሼል ስለሚያነበው ዶላሩን ይፈታል። /ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት ላይ የሆምህን ሙሉ መንገድ ከጻፍክ ደግሞ ሁለት ሰው በሚጠቀምበት ማሽን ሁለቱም በአንድ ፎልደር ይጣላሉ።

ባለ ዶላሮቹን ፎልደሮች ለማስወገድ ደግሞ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ተርሚናል አትንካ። በማውስ ወደ ትራሽ ላካቸው፤ ሁሉም ነገር መሥራቱን ሳታረጋግጥም ትራሹን ባዶ አታድርግ።