በታዳሽ ኃይል ሕግ መምህርና ተመራማሪ ለመሆን፦ ጥያቄና መልስ

መምህር፣ የሕግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ የኢነርጂ ሕግ የሚባል ኮርስ የለም። ከየት ልጀምር?

ከነጋሪት ጋዜጣ ጀምር። መጀመሪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3)፣ ቀጥሎ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከማሻሻያው ከ1085/2010 ጋር ጎን ለጎን። 810ን ብቻ ጠቅሶ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው፤ ፈታኝም መጀመሪያ የሚይዘው በዚያ ነው። ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል) የራሱ አዋጅ አለው፣ 981/2008። ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ ግን ኢነርጂ የሚል ርዕስ የለውም፦ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በ1161/2011፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በ299/1995፣ የመንግሥትና የግል አጋርነት በ1076/2010 ነው። እንግሊዝኛውን ስታነብ አማርኛውንም ክፈት፤ ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ለማስተርስ «የታዳሽ ኃይል የሕግ ማዕቀፍ በኢትዮጵያ» ብዬ አቅርቤ አማካሪዬ ሰፊ ነው አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ያ የኮርስ ስም እንጂ የጥናት ርዕስ አይደለም። አንድ የውል አንቀጽ ያዢ። ለምሳሌ በኃይል ግዥ ስምምነት (ኃይል አመንጪው ከገዢው ጋር በሚፈርመው የሽያጭ ውል) ውስጥ ሕግ ሲቀየር ተጨማሪውን ወጪ ማን ይሸከማል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1764 ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። የአስተዳደር ውሎች ክፍል (ከቁጥር 3131 ጀምሮ) ግን ላልታሰበ ሁኔታ በር ይከፍታል። ታዲያ የኃይል ግዥ ስምምነት ተራ ውል ነው ወይስ የአስተዳደር ውል? ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ሙሉ መመረቂያ ጽሑፍ ይወጣታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተፈረሙ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ምስጢር ናቸው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ርዕስ መቀየር ግድ ይሆናል። ሰነዱ እጅሽ ሳይገባ አታስጸድቂ። የዓለም ባንክ ቡድን የፀሐይ ኃይል ፕሮግራም የሆነው የስኬሊንግ ሶላር ናሙና ውሎችና አይሬና (ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ) የተሳተፈበት የኦፕን ሶላር ኮንትራክትስ ናሙናዎች በነፃ ይገኛሉ። እነሱን ከአገሩ ሕግ ጋር አነጻጽሪ።

ምህንድስና ማወቅ ግድ ነው? እኔ በሒሳብ ደካማ ነኝ።

ማባዛት ከቻልክ ይበቃል። ሜጋ ዋትን (የጣቢያውን አቅም) እና ሜጋ ዋት ሰዓትን (የተመረተውን ኃይል መጠን) የሚያምታታ ሰው ስለ ክፍያ አንቀጽ ሊጽፍ አይችልም። በ2019 እ.ኤ.አ. በጨረታቸው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ዋጋ ያሸነፈባቸውን የጋድንና የዲቼቶን የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ውሰድ፤ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ተብለው የታቀዱ ናቸው። ለስሌት ያህል ለአንዱ ጣቢያ 20 በመቶ የማምረት ምጣኔ (ከሙሉ አቅሙ በአማካይ የሚያመርተው ድርሻ) ብንወስድ፣ 125 × 8,760 ሰዓት × 0.20 = በዓመት 219,000 ሜጋ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ወደ 5.5 ሚሊዮን ዶላር። ጣቢያው ተጠናቆ የማስተላለፊያ መስመሩ ግን 6 ወር ቢዘገይ፣ ክርክሩ በግማሹ ላይ ነው። «ገዢው ኃይሉን ሳይረከብም ይከፍላል» የሚለው አንቀጽ ለምን ያን ያህል እንደሚያደራድር ያኔ ይገባሃል።

ውጭ አገር ፒኤችዲ እፈልጋለሁ። ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል ብልክም የሚመልስ የለም።

ለ20 ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከላኩ ዝም መባልዎ አይገርምም። በኔዘርላንድስና በኖርዌይ ፒኤችዲ በአብዛኛው ደመወዝ ያለው ቅጥር ነው፤ የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ጠብቀው ይወዳደራሉ። ግሮኒንገንን፣ ኦስሎንና በፊንላንድ ደግሞ የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲን ይከታተሉ፤ በስኮትላንድ ዳንዲ በዘርፉ የቆየ ማዕከል አለው። ለፕሮፌሰር መጻፍ ካለብዎ በ3 አንቀጽ ይጨርሱት፦ ጥያቄዎ፣ የሚመረምሩት ሕግ ከነቁጥሩ፣ ከእሳቸው የትኛው ጽሑፍ ጋር እንደሚገናኝ። «ክፍተት አለ» ብሎ አንቀጽ የማይጠቅስ ፕሮፖዛል መጀመሪያ ይወድቃል።

ኅትመት የት ላውጣ? በ5 ቀን እናትማለን የሚሉ አሉ።

እነሱን ይተዋቸው። ገንዘብዎን ይወስዳሉ፤ የዕድገት ኮሚቴ ደግሞ ላይቆጥርልዎ ይችላል። ሚዛን የሕግ መጽሔት፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት፣ የባሕር ዳርና የሐረማያ የሕግ መጽሔቶች አሉ። የገምጋሚ አስተያየት ወራት ስለሚፈጅ ለዕድገት ማመልከቻ ከማስገባትዎ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ይላኩ። በተጨማሪም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎችን ይፈትሹ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ስለሆነ፣ ከመሬትና ካሳ ጋር የተያያዘ አንድ ውሳኔ የጽሑፍዎን መደምደሚያ ሊገለብጥ ይችላል።