ጸልዬም ልቤ አልረጋ አለኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ "አማኝ ሆኜ ሳለሁ ሰላም ያጣሁት ለምንድን ነው?" የሚል። አምስቱን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራ ካጣሁ 5 ወሬ ነው። ማታ ጸልዬ እተኛለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባንኜ የቤት ኪራይ ስደምር ስቀንስ ይነጋል። "በአንዳች አትጨነቁ" የሚለውን ሳነብ ደግሞ ትእዛዝ የጣስኩ ይመስለኛል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ቃል (ፊልጵስዩስ 4፥6) የተጻፈው ከእስር ቤት ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ታስሮ፣ ሞትም ሕይወትም ሊመጣበት እንደሚችል እያወቀ ነበር። እዚያው መልእክት ውስጥ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለስ፣ ስለ ባልንጀራው ስለ አፍሮዲጡ ሕመም ሲያወራ ታገኘዋለህ። ቢሞትበት ኖሮ "ኀዘን በኀዘን ላይ" ይጨመርበት እንደነበር አይደብቅም። "አትጨነቁ" ያለው ሰው ልቡ ድንጋይ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 7ንም ልብ በለው። የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን "ይጠብቃል" ይላል። የግሪኩ ቃል የወታደር ቃል ነው፤ ዘብ ቆሞ መጠበቅ ማለት ነው። ፊልጵስዩስ ደግሞ የሮም ጡረተኛ ወታደሮች የሰፈሩባት ከተማ ስለነበረች አንባቢዎቹ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ዘብ የሚቆመው ጠላት ባለበት ነው። ስለዚህ ሐሳብ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርህን ስላንኳኳ ዘቡ ተኝቷል አትበል።

ሲያባንንህ ጭንቅላትህ ውስጥ ከምትደምር ተነስና ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ እሱኑ ጸልይበት። "ልመናችሁን አስታውቁ" ነውና የተባለው፣ የጎደለውን ልኩን ሳይቀር ተናገር። እኔን በበኩሌ "ሰላም ስጠኝ" ከሚል ጥቅል ጸሎት ይልቅ "ለዚህ ወር ይህን ያህል ጎድሎኛል" የሚለው ያሳርፈኛል። ስልክህን ግን አትንካው።

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆነ። ሳለቅስ የሚያዩኝ "አማኝ እንዲህ አይሆንም፤ ወደ ጌታ ሄዳ የለ?" ይሉኛል። ማልቀሴ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደመጣ ያውቅ ነበር፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ሟቹ ከመቃብር እንደሚወጣ እያወቀ ግን አለቀሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች "ተስፋ እንደሌላቸው" አትዘኑ አላቸው እንጂ አትዘኑ ብሎ አላቆመም። (የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። አጽናኞችሽ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።)

ጥያቄ፦ ለድባቴ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። አንድ ወንድም "በጸሎት ብትበረታ ኖሮ ኪኒን አያስፈልግህም ነበር" አለኝ። ላቋርጠው?

መልስ፦ ሐኪምህን ሳታማክር እንዳታቋርጠው፤ በድንገት ማቆም ራሱ ሊጎዳህ ይችላል። ለወንድምህ ግን 1ኛ ነገሥት 19ን አንብብለት። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" አለ። እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ነው እንግዲህ! መልአኩ መጥቶ "እምነትህ የት አለ?" አላለውም፤ ዳሰሰውና "ተነሥተህ ብላ" አለው። በራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ ምክንያቱን ሲነግረው ደግሞ "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና" ነው ያለው። እግዚአብሔር በለሆሳስ ድምፅ ያናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሥጋው መጀመሪያ ታከመ። ወንጌላዊው ሉቃስም ቢሆን ባለ መድኃኒት ነበር። እንደ ኤልያስ መሞትን የምትመኝበት ሌሊት ከመጣ ግን ብቻህን አትደር፤ ያኔውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ ለሐኪምህም አሳውቅ።

ጥያቄ፦ ዜና መስማት ሰላሜን ነሳኝ። ልተወው?

መልስ፦ መተው አይጠበቅብህም። ሰዓት ወስንለት፤ ከመኝታ በፊት ግን አይሁን።

ጥያቄ፦ መጸለይ አቃተኝ። እንበረከካለሁ፣ ቃል አይመጣልኝም። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?

መልስ፦ የራስህ ቃል ሲጠፋ የሌላ ሰው ቃል ተበደር፤ መዝሙረ ዳዊት ለዚህም ነው። መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87ን) ውሰድ። ብዙዎቹ የሐዘን መዝሙራት መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህኛው አይዞርም። ወዳጅና ባልንጀራ ራቀኝ ብሎ እዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለ ጸሎትም ከመጽሐፍ ቅዱስ ተቆርጦ አልወጣም። ደግሞ ሲጀምር እግዚአብሔርን "የመድኃኒቴ አምላክ" ብሎ ነው የሚጠራው።

አባቴ የሞተ ሰሞን እኔም ከዚህ መዝሙር ውጪ ማንበብ አልቻልኩም። የመጀመሪያዋን ቁጥር ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ እተኛለሁ። ስንት ቀን እንደቆየሁ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ሁለተኛዋን ቁጥር ጨመርኩ።