«እኔ አስተዳዳሪ ብቻ ነኝ» ላለው የድሬዳዋ አንባቢ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ቴሌግራም ላይ የዕቃ መሸጫና መግዣ ግሩፕ አስተዳድራለሁ። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ የባጃጅ ዕቃ፣ ልብስ፣ ሁሉም ይሸጥበታል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ በግሩፑ በኩል የሸጠው ስልክ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በፊትም ስልኮች ሸጦ ምንም ችግር አልነበረም። ገዢው ለፖሊስ ካመለከተ በኋላ ብሩን እንድመልስለት እኔን እየጠየቀኝ ነው። ፖሊስም ደውሎ ‹መጥተህ ቃል ስጥ› ብሎኛል። እኔ የሸጥኩት ነገር የለም፤ አስተዳዳሪ ብቻ ነኝ። ግሩፑንም አጽድቼዋለሁ፤ አሁን ምንም የለበትም። የቴሌግራም ባለቤት እንኳን ፈረንሳይ ውስጥ ታስሮ ተለቋል። እህቴ በጣም ፈርታለች። ሌሎች በሸጡት እኔ ልቀጣ ይገባል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ ስለማውቅ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ለጥያቄህ አጭሩ መልስ «አይገባም» ነው። ሌላ ሰው በሠራው ወንጀል ማንም አይቀጣም። ነገር ግን ይህ መልስ አንተን እንደሚያድንህ እርግጠኛ አይደለሁም። የጠየቅከኝ ስለ አንድ ግሩፕ አስተዳዳሪ ነው፤ ደብዳቤህ ውስጥ ያለው ሰው ግን ከአስተዳዳሪ ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ የሚሠራ ይመስላል።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊው (ሕጉ የከለከለው መሆኑ)፣ ግዙፋዊው (ድርጊቱ መፈጸሙ) እና ሞራላዊው ፍሬ ነገር አንድ ላይ ሲገኙ ነው ይላል (አንቀጽ 23)። ሞራላዊው ማለት ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት ነው፤ ቸልተኝነት ደግሞ የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው (አንቀጽ 59)። ሌላውን በወንጀሉ የረዳ ሰው በአንቀጽ 37 የሚጠየቀው እያወቀ ሲረዳ ነው። በወንጀል የተገኘ ንብረትን ስለ መሸሸግ የሚናገረው አንቀጽ 682 ነው፤ ወሰኑም ከመደበቅ ያለፈ ሰፊ ነው። ግሩፑ እንደ ድርጅት የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ስለ ድርጅቶች የወንጀል ተጠያቂነት የሚናገረው አንቀጽ 34ም ይመጣ ነበር።

ብዙ ሰው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 16ን እየጠቀሰ «አገልግሎት ሰጪው ይቀጣል» ወይም «አይቀጣም» ሲል እሰማለሁ። አንቀጹን እስከ መጨረሻው የሚያነበው ጥቂት ነው። አገልግሎት ሰጪን በሦስተኛ ወገን ይዘት ተጠያቂ የሚያደርገው ከአንቀጽ 12 እስከ 14 በተዘረዘሩት ላይ ነው፤ እነርሱም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት ጸያፍ ይዘት፣ ነጻነትንና ክብርን የሚነካ፣ የሕዝብን ደኅንነት የሚያውክ ይዘት ናቸው። የተሰረቀ ስልክ ማስታወቂያ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያንተ ጉዳይ የሚመዘነው በተራው የወንጀል ሕግ ነው፣ ጥያቄውም አንድ ነው፦ ምን ታውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?

ወደ ደብዳቤህ ልመለስ። ገዢው ብሩን የሚጠይቀው አንተን ለምንድን ነው? ስልኩን የሸጠለት ልጁ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚጠይቀው ገንዘቡን የሰጠውን ሰው ነው። የምጠረጥረው ይህን ነው፦ የገዢው ብር መጀመሪያ ወደ አንተ ይገባል፤ ዕቃው ሲደርስ ድርሻህን ቀንሰህ ቀሪውን ለሻጩ ታስተላልፋለህ። አሠራሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ገዢን ከአጭበርባሪ ይጠብቃል። «አስተዳዳሪ ብቻ ነኝ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ያበቃል። በየሽያጩ ድርሻ የሚቀበል ሰው ደላላ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሌባ የሰረቀውን ቢሸጥ መደቡን ያከራየውን ሰው ማንም አይከስም፤ ዕቃውን ለገዢ አሳይቶ፣ ዋጋ አስማምቶ፣ ብሩን ቆጥሮ የተቀበለውን ሰው ግን ፖሊስ ቢያንስ ይጠይቀዋል።

«ከዚህ በፊትም ስልኮች ሸጦ» ብለሃል። ስንት? አንድ ልጅ ካርቶንና ደረሰኝ የሌላቸው ስልኮች በተደጋጋሚ ሲያመጣ «ከየት ነው?» ያለ አባል አልነበረም? በግል መልእክት ያስጠነቀቀህስ? ለእኔ እንዳትመልስልኝ። እዚህ ዓምድ ላይ የምትጽፈው ደብዳቤ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር አይደለም፤ መልሱን ይዘህ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ለምን እንደጠየቅኩህ ግን ልንገርህ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 «አስቦ» የሚለው ወንጀሉን የፈለገውን ሰው ብቻ አይደለም። ሕገ ወጥ ውጤት ሊከተል እንደሚችል እያወቀ «ቢከተልም ይከተል» ብሎ የቀጠለውንም ይጨምራል። ማስጠንቀቂያ እስኪደርስህ ድረስ አላወቅህም ማለት ትችላለህ፤ ከደረሰህ በኋላ ዝም ብለህ ድርሻህን መቀበልህን ከቀጠልክ ክርክርህ ይከብዳል።

እህትህስ ለምን ፈራች? ብሩ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር በእሷ ስም ከሆነ ፍርሃቷ ምክንያት አለው። እንደዚያ ከሆነ የእሷ ጉዳይ ከአንተ ጉዳይ ይለያል፤ ጥቅማችሁ ሊጋጭ ስለሚችል ራሷን የቻለ ምክር ያስፈልጋታል። ደግሞ ሁለታችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ «እንዲህ እንበል» እንዳትባባሉ። እንዲህ ያለ ስምምነት በመርማሪ ፊት የመጀመሪያውን ጥያቄ አይሻገርም።

አሁን ከሁሉ ያስቆጣኝ ጋ ደረስን፦ «ግሩፑን አጽድቼዋለሁ»።

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ወደ ጠበቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ አድርጎ ነው የሚመጣው። ሐሳቡ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ፍርሃት ነው፤ ማስረጃ ከሌለ ጉዳዩም የለም ብሎ ማሰብ። ሌላው ቅንነት ነው፤ ሕገ ወጥ ነገር መኖሩን ስለሰማሁ ላስወግደው ማለት። ቅንነቱ ከሕጉ ጋር ይስማማል፤ አዋጅ 958/2008 ራሱ በሚመለከታቸው ይዘቶች ላይ ያወቀ አገልግሎት ሰጪ እንዲያስወግድ ይጠይቃል። ችግሩ ከሕዝብ ዓይን ማንሳትና መዝገብን ማጥፋት አንድ ተደርገው መወሰዳቸው ነው። ማስታወቂያውን ከግሩፑ ማውረድ ተገቢ ነው። ከማውረድህ በፊት ግን ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደለጠፈ፣ ማን ቅሬታ እንዳቀረበና አንተ ምን እንደመለስክ የሚያሳይ ቅጂ በእጅህ መቅረት አለበት። ማስቀመጥ ይቀድማል፣ ማውረድ ይከተላል፣ ከዚያ ማሳወቅ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ትክክለኛ ነገር ሠርቶ እንኳን ወንጀለኛ ይመስላል።

ያጠፋኸውን አስበው። ገዢው የማስታወቂያውን ምስል ስልኩ ላይ ይዟል፤ ለፖሊስ ያሳየውም እሱን ነው። ልጁም ካንተ ጋር የተጻጻፈውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ዝውውሩን ይዟል። ከዚህ ሁሉ መሃል የሌለው ያንተ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ «ስጠረጥር ጠይቄያለሁ፣ ደረሰኝ አምጣ ብያለሁ» የምትልበት ብቸኛው ወረቀትህ ነበር። የሚጎዳህ ሁሉ በሌሎች እጅ ቀርቶ የሚጠቅምህን አንተው አጠፋኸው። ይህ ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 445 ሌላ ሰው ከክስ እንዲያመልጥ እያወቁ የወንጀልን ምልክት መደበቅን ወይም ማጥፋትን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። አንተ ልጁን ለማዳን አላጠፋህም ይሆናል። ፖሊስ ከደወለ በኋላ የጠፋን ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያስቸግርም። ያጸዳኸው ከጥሪው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቀኑንና ሰዓቱን ለይተህ ለጠበቃህ ንገር፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

«ቴሌግራም ለማንም አይሰጥም» በሚል ተስፋም አትጽናና። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን የጣሱ ሰዎችን የስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

አሁን የሚተርፈውን አትርፍ። ስልክህን አትቀይር፣ ወደ ፋብሪካ መነሻው አትመልሰው፣ ቴሌግራሙንም አትዝጋ። በኮምፒውተር የሚሠራው ቴሌግራም የውይይት ታሪክን አውጥቶ ፋይል ላይ የማስቀመጥ አማራጭ አለው፤ ከልጁና ከገዢው ጋር ያለህ የግል ውይይት ካልጠፋ ዛሬውኑ አውጣ። ሌሎች አስተዳዳሪዎች ካሉ እነርሱም እንዳይነኩት ንገራቸው። ግሩፕ የምታስተዳድሩ ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ያዙ፦ የተሰረዙ መልእክቶችን ለአስተዳዳሪ የሚያሳየው የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ከባንክ የሒሳብ መግለጫ አስወጣ፤ ዝውውሩን እንደሆነ መደበቅ አትችልም፣ ድርሻህ ስንት እንደነበረና ቀሪው ለማን እንደተላከ ግን ያስረዳልሃል።

ስለ ፈረንሳዩ ጉዳይ። የቴሌግራም ባለቤት ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዞ፣ በ5 ሚሊዮን ዩሮ ዋስ ሲለቀቅ ከፈረንሳይ እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። ከቀረቡበት ነጥቦች አንዱ በተደራጀ ቡድን ሕገ ወጥ ግብይት እንዲፈጸም የሚያስችል መድረክ በማስተዳደር ተባባሪ መሆን ነው፤ ሌላው ለመርማሪዎች ጥያቄ መረጃ አለመስጠት ነው። ይህ ምርመራ እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ለድሬዳዋ ፍርድ ቤትም ሕግ አይሆንም። ሐሳቡ ግን በየአገሩ ወደ አንድ ቦታ ይሳባል። አሜሪካ ውስጥ ቲፋኒ የተባለው የጌጣጌጥ ድርጅት ኢቤይን ስለ አስመስለው የተሠሩ ጌጦች በከሰሰበት ጉዳይ የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 «በገበያው ላይ ሐሰተኛ ዕቃ እንዳለ በጥቅሉ ማወቅ አይበቃም፤ የተለየውን ማስታወቂያ ማወቅ ያስፈልጋል» የሚል ውሳኔ ሰጠ። በዚያው አገር አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥበትን ሲልክ ሮድ የተባለ ድረ ገጽ ያቋቋመውና ከየሽያጩ ድርሻ የሚወስደው ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በጃንዋሪ 2025 በምሕረት ወጣ። ሁለቱን የለያቸው የገበያው ስፋት አይደለም፤ ባለቤቱ ስለሚሸጠው ነገር ያወቀው ነው።

የራሴን አስተያየት ከፈለግክ፣ ገበያ የከፈተን ሰው በተጠቃሚው ጥፋት ሁሉ መቅጣት ስህተት ነው። ስልክ ብቻ የያዘ ወጣት የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ መርምሮ አይዘልቅም፤ ቅጣቱ ከበረታ ሻጩ ወደማይታይ የግል መስመር ይሸሻል፣ ፖሊስም የሚጀምርበትን ዱካ ያጣል። ተነግሮት፣ አውቆ፣ ድርሻውን እየቆረጠ የቀጠለውን ግን «መድረክ ነኝ» የሚል ቃል ሊከልለው አይገባም። አንተ የትኛው እንደሆንክ እኔ አላውቅም።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር፤ ከስልኩ የበለጠ ሊያሳስብህ የሚገባው ይህ ሊሆን ይችላል። የድሬ ገበያ ነውና በግሩፑ ላይ ቀረጥ ያልተከፈለበት ኤሌክትሮኒክስና ልባሽ ጨርቅ አልተለጠፈም ብለህ ልታሳምነኝ አትችልም። በአዋጅ 1160/2011 የተሻሻለው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የኮንትሮባንድ ተጠያቂነትን ድንበር ባሻገረው ሰው ላይ አያቆምም። መድኃኒት ከተሸጠም አዋጅ 1112/2011 አለ። ድርሻ እየተቀበልክ የንግድ ፈቃድ ካላወጣህ አዋጅ 980/2008 ይጠይቅሃል፣ ግብሩም አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የሚጥልብህንም ግዴታ ከጠበቃህ ጋር ተመልከተው። ፖሊስ ለአንድ ስልክ ብሎ የከፈተው መዝገብ ግሩፑን በሙሉ ካነበበ ወደ እነዚህ ሊሄድ ይችላል። ቃል ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ ያስፈልግሃል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጣቢያው መሄድህ አይቀርም፤ መሸሽ አያዋጣም። ሆኖም በስልክ የተነገረህን የጽሑፍ መጥሪያ እንዲሆንልህ በትሕትና ጠይቅ። የምትጠየቀው እንደ ተጠርጣሪ (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 25) ወይስ እንደ ምስክር (አንቀጽ 30) መሆኑን እወቅ። ተጠርጣሪ ከሆንክ አንቀጽ 27 መልስ እንድትሰጥ አያስገድድህም። ከተያዝክ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለህ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለህ የዩኒቨርሲቲዎችን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና የፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ጠይቅ። ያላነበብከው ቃል ላይ አትፈርም።

ለገዢው ብሩን መመለስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» የሚል መልእክት ጽፈህ ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ አትጨምር። በሽማግሌ ፊት የምትፈርመውን ወረቀትም መጀመሪያ ጠበቃህ ይየው፤ እርቅ የገዢውን ልብ ያበርዳል እንጂ የስርቆቱን መዝገብ አይዘጋም። የባንክ መግለጫውን፣ የተረፈውን ውይይት፣ የአስተዳዳሪዎቹን ዝርዝርና የፖሊስ ጥሪው የመጣበትን ቀንና ሰዓት በአንድ አቃፊ አድርገህ ጠበቃ ዘንድ ነገ ጠዋት ሂድ።