የሦስት እህትማማቾች ባንድ ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምንኖር ሦስት እህትማማቾች ነን። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ መካከለኛዋ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች፤ ታናሻችን ኪቦርድ ላይ ናት። የምንለማመደው ግቢያችን ውስጥ ባለው ሰርቪስ ክፍል፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው። ከጀመርን ሦስት ዓመት ሞላን፤ እስካሁን ግን አንድም ዘፈን አላስቀረጽንም፤ አባታችንም «ዕድሜያችሁን ጨረሳችሁት» ይሉናል። ሃይም የሚባለው የአሜሪካ እህትማማቾች ባንድ እስኪታወቅ ድረስ ስንት ዓመት ፈጀበት? በትልቅ ኩባንያ እያሳተመስ ኢንዲ ፖፕ የሚባለው ለምንድን ነው? የገንዘቡስ ነገር እንዴት ነው?
የሦስቱ ታላቅ

መልስ፦ ሃይም ባንድ ሆኖ የተቋቋመው በ2007 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ አልበሙ የወጣው በመስከረም 2013 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ አባትዎ ሲቆጡ እናንተ ገና የእነሱን ግማሽ መንገድ ነው የሄዳችሁት።

እንዲያውም ቆጠራው ከ2007 መጀመሩ ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ቤዝ የምትጫወተው ኤስቲ፣ ዋናዋ ድምፃዊትና ጊታር ተጫዋች ዳንዬል፣ እንዲሁም ጊታርና ኪቦርድ የምትጫወተው አላና ያደጉት በሎስ አንጀለስ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ሲሆን፣ ገና በልጅነታቸው ከእናትና አባታቸው ጋር ሮኪንሃይም በተባለ የቤተሰብ ባንድ ውስጥ የሌሎችን የቆዩ ዘፈኖች በበጎ አድራጎት ዝግጅቶች ላይ ይጫወቱ ነበር። ድራሙን የሚመቱት አባት ናቸው። (ሃይም የቤተሰቡ ስም ነው፤ በዕብራይስጥ «ሕይወት» ማለት ሲሆን የእኛው ግእዝ «ሐይወ» ዘመዱ ነው።) አዝማሪ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ማሲንቆ እንደሚያስይዘው ሁሉ፣ እነዚህም ምቱን የለመዱት ከወላጆቻቸው ጎን ቆመው ነው፤ ዛሬም በመድረካቸው ላይ ሦስቱም ዱላ አንሥተው ከበሮ ሲመቱ ያየ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ከወላጆቻቸው ጋር ካንተርስ በሚባል የሎስ አንጀለስ ምግብ ቤት በተጫወቱ ጊዜ የተከፈላቸው በሾርባ ነበር። በ2020 ለወጣው ሦስተኛ አልበማቸው የሽፋን ፎቶ ሲነሡም፣ የተመለሱት ወደዚያው ምግብ ቤት ሲሆን፣ ከበላያቸው ቋሊማ ተንጠልጥሎ ከሥጋው ባንኮኒ ኋላ ቆመው ይታያሉ።

ከ2007 በኋላ ያሉትን ዓመታት ግን በዝምታ የተቀመጡባቸው አድርገው አይመልከቱ። ታላቋ ኤስቲ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ የሚያጠናውን ትምህርት ተከታትላ ጨርሳለች፤ ዳንዬል ለአሜሪካውያኑ ዘፋኞች ለጄኒ ሉዊስና ለጁሊያን ካዛብላንካስ ጊታር እየተጫወተች በየአገሩ ዞራለች፤ ታናሿ አላና ደግሞ ገና ተማሪ ነበረች። በመካከሉ ሦስቱ ሲገናኙ በከተማቸው ትንንሽ መድረኮች ላይ ይጫወቱ ነበር። በየካቲት 2012 ጥቂት ዘፈኖች የያዘ አጭር ሥራ በኢንተርኔት በነጻ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ፖሊዶር ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፤ በጥር 2013 የቢቢሲ የዓመቱ ተስፋ የሚጣልበት ሙዚቀኛ ምርጫ አሸናፊ ሆኑ፤ አልበሙም በእንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከውጭ ላየው የአንድ ዓመት ዕድል ይመስላል። እኔ እንደምሰማው ግን የዘገየው ነገር ችሎታ ሳይሆን ድምፅ ነው። መድረክ ላይ ጥሩ የሮክ ባንድ መሆን አንድ ነገር ነው፤ በቀረጻ ላይ የራስን ድምፅ ማግኘት ሌላ ነው። «ዘ ዋየር» የተባለውን ዘፈናቸውን ከፍተው ያዳምጡት፦ ጊታሩ በአጭሩ ተቆርጦ ዝም ይላል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ከበሮው ይሞላዋል፤ እህትማማቾቹም ግጥሙን ተራ በተራ ይቀባበላሉ። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ሦስታችሁም በአንድነት በኃይል የምትጫወቱ ከሆነ፣ ዝም ማለትን መለማመድ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ አያነጋግርም። ኢንዲ የሚለው ቃል መነሻው ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ የሚሠሩ ሰዎችን ለመጥራት ነበር፤ እየቆየ ግን የአጨዋወት ስልት መጠሪያ ሆነ፤ ለሃይም የሚሰጠውም በዚህ በኋለኛው ትርጉም ነው። በእኛ ከተማ ትክክለኛውን የመጀመሪያ ትርጉም የሚፈልግ ሰው፣ የክለብ ባለቤት ንብረት ሳይሆን ራሱን ችሎ የቆመውንና ለዓመታት በሂልተን ሆቴል የተጫወተውን ዋልያስ ባንድ ቢያስብ ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሃይሞች በ2018 ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ በአንድ ፌስቲቫል ላይ ከእነሱ ጋር የተጫወተ ወንድ ሙዚቀኛ አሥር እጥፍ እንደተከፈለው ደርሰውበት ወኪላቸውን አሰናብተዋል። ከዚህ የምወስደው፣ ወኪል ቢኖርም እንኳ ሌላው ስንት እንደተከፈለው ጠይቆ ማወቅ የባንዱ ሥራ መሆኑን ነው።

በእናንተ በኩል ግን ከክፍያው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት፣ አንድ ሥራ ጥበቃ ለማግኘት መመዝገብ ባያስፈልገውም፣ ወጥ መሆንና መጻፍ፣ መቀረጽ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ማግኘት አለበት። ሦስት ዓመት ሙሉ በቃል ብቻ የያዛችኋቸው ዘፈኖች እንግዲህ ሕጉ ሊጠብቃቸው የሚችል መልክ ገና አላገኙም ማለት ነው። ስቱዲዮ እስክትገቡ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ በሚቀጥለው ልምምድ ስልካችሁን መቅጃው ላይ አድርጋችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ዜማውንና ግጥሙን ማን እንደሠራም በዚያው ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሦስታችሁም ፈርሙበት። ብርድ ልብሱን ከበሩ አታውርዱት፤ ለቀረጻውም ይረዳችኋል።