ከቨርጂኒያ ወደ ጀርመን ጠመንጃና ድምፅ መቀነሻ ይዞ ስለመሄድ ለቀረበው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ቨርጂኒያ እንደሚኖሩ፣ ባለ 308 ካሊበር የአደን ጠመንጃና የተመዘገበ ሳይለንሰር (የተኩስ ድምፅ መቀነሻ) እንዳለዎት፣ መሥሪያ ቤትዎ ለ3 ዓመት ፍራንክፈርት ሊመድብዎ መሆኑን ገልጸው፣ ሁለቱንም ይዘው መሄድ ይችሉ እንደሆነ፣ ካልሆነ ሳይለንሰሩን ወንድምዎ ቤት ማስቀመጥ ይፈቀድ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ጠመንጃውን አንድ ቀን አገር ቤት ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ይህንኑ መንገድ የሄድኩት ከወዲያ ወደዚህ ነው። ፍራንክፈርት ባለችበት የጀርመን ክፍለ ግዛት በሄሰን ውስጥ 11 ዓመት ኖሬ፣ እዚያው የአዳኝነት ፈተና አልፌ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ቨርጂኒያ መጣሁ። የሕግ ባለሙያ ስላልሆንኩ የምጽፈው በእጄ ያለፈውን ወረቀትና ከመንገዱ የተማርኩትን ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ሳይለንሰሩ ከአሜሪካ አይውጣ፤ ጠመንጃውንም ቢሆን ሸጠው ቢሄዱ ወይም በሕጋዊ መንገድ አስቀምጠው ቢሄዱ ይሻላል። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ሁለቱ አገሮች ይህን ዕቃ ምን ብለው እንደሚያዩት ማወቅ ያስፈልጋል።

በአማርኛ «ድምፅ ማፈኛ» የምንለው ስም ራሱ ያሳስታል። የ308 ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ከድምፅ ፍጥነት በእጥፍ ይበልጣል፤ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት የሚያፍን መሣሪያ የለም። መሣሪያው የሚያበርደው ከጥይቱ ኋላ ተወርውሮ የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ብቻ ነው። ያለ እርሱ 160 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚያልፈው ተኩስ፣ እርሱ ሲገጠምበት እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጆሮን በአንድ ጊዜ ይጎዳል የሚባለው ልክ 140 ዴሲቤል አካባቢ በመሆኑ፣ ቅነሳው ትንሽ ቢመስልም ለመስማትና ላለመስማት የሚያበቃ ልዩነት ነው። ስለዚህ እኔ «መቀነሻ» ማለትን እመርጣለሁ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሽፔሳርት ጫካ ዳር፣ አገር ቤት ማሽላ ከሚጠበቅበት ማማ ብዙም በማይለይ የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጠን የበቆሎ ማሳ የሚያጠፉ የዱር አሳማዎችን እንጠብቅ ነበር። ሌሊት የቅጠል ኮሽታ መስማት ስላለብኝ የጆሮ መከላከያውን አንገቴ ላይ አውርጄ ነበርና፣ አሳማው ድንገት ሲወጣ ሳላደርገው ተኮስኩ። ግራ ጆሮዬ ለ2 ቀን ጮኸ፤ ዛሬም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። አብሮኝ የነበረው ሽማግሌ አዳኝ በአንድ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም ነበር፤ በእርሱ ዘመን መቀነሻው አልተፈቀደም።

ጀርመን ይህን ጉዳይ እንደ ጤና ጉዳይ ማየት የጀመረችው ቀስ በቀስ ነው። ቀድሞ ፈቃዱ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያይ ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ ሕጉ ሲሻሻል ግን የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ለአደን ጠመንጃው መቀነሻ ያለ ቅድመ ፈቃድ ገዝቶ በ2 ሳምንት ውስጥ በባለቤትነት ካርዱ ላይ እንዲያስመዘግብ ተፈቀደለት። እኔም በዚያው ዓመት የአደን ፈቃዴን ሱቅ አሳይቼ ገዛሁ፤ በሳምንቱ ካርዴን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ ቁጥሩን ጻፈችና ማኅተም መታችበት። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል የሆነው ከዚያ በፊት የነበረው በር ጠባብ በመሆኑ ነው። የአደን ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍ፣ የቃልና ተግባር፣ እንዲሁም የተኩስ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ጀርመኖች ፈተናውን «አረንጓዴው ማትሪክ» እያሉ የሚቀልዱበት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛፍ ዓይነት፣ የእንስሳት በሽታ፣ የውሻ ስልጠና፣ የሥጋ ምርመራ ሁሉ ይጠየቃል፤ እኔ ወድቄ የደገምኩት በተኩሱ ሳይሆን በአእዋፍ ስም ነበር።

ለእርስዎ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። የጀርመን የጦር መሣሪያ ሕግ፣ አመልካቹ በአገሪቱ ቢያንስ ለ5 ዓመት በቋሚነት ያልኖረ ከሆነ ባለሥልጣኑ ፈቃዱን ሊከለክለው ይችላል ይላል። «ሊከለክል ይችላል» ማለት «ይከልክል» ማለት ስላልሆነ ውሳኔው በባለሥልጣኑ እጅ ነው፤ ለ3 ዓመት ብቻ የሚሄድ ሰው ግን በዚህ ላይ ተማምኖ መሣሪያ መጫን የለበትም። ማደን ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፣ ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚያገለግል አጭር የአደን ፈቃድ አለና ከጋባዥ አዳኝ ጋር ሆነው እርሱን መጠየቅ የሚቀል ይመስለኛል።

ጠመንጃውን የመውሰድን ነገር በሁለቱም በኩል ይዩት። ከአሜሪካ ሲወጣ፣ ለጊዜው ወጥቶ ለሚመለስ የግል መሣሪያ እስከ 3 ጠመንጃና 1,000 ጥይት ያለ የተለየ የኤክስፖርት ፈቃድ፣ ጉምሩክ ላይ በማሳወቅ ብቻ ይዞ መውጣት የሚያስችል ደንብ አለ። የ3 ዓመት ምደባ በዚህ ደንብ ይሸፈን እንደሆነ ግን ከንግድ ሚኒስቴሩ በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ አይነሡ። ሳይለንሰሩ ደግሞ በዚህ ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ተራ ጠመንጃዎች ወደ ንግድ ሚኒስቴር ሲዛወሩ፣ ሳይለንሰር እንደ ጦር ዕቃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ ቀርቷል። በሻንጣ ይዞ መውጣት በፌዴራል ወንጀል ያስጠይቃል።

በጀርመን በኩል ደግሞ አስቀድሞ ከሚወጣው የማስገቢያ ፈቃድ ሌላ ብዙ ሰው የማይገምተው የአፈሙዝ ፍተሻ አለ። እዚያ ለሽያጭ የሚቀርብ እያንዳንዱ ጠመንጃ በመንግሥት የፍተሻ ጽሕፈት ቤት ከተለመደው በላይ ግፊት ባለው ጥይት ተተኩሶበት ማኅተም ይመታበታል። አሜሪካ ይህን ፍተሻ የጋራ ያደረጉ አገሮች ስምምነት አባል ስላልሆነች የእርስዎ ጠመንጃ ያ ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ ለፍተሻ ይላካል። በዚያ ላይ እዚህ የ308 አፈሙዞች ጥርስ (መቀነሻው የሚጠመዘዝበት) ብዙውን ጊዜ በኢንች ሲሆን እዚያ ያሉት መቀነሻዎች በብዛት በሚሊሜትር ስለሚሠሩ ያለ መሸጋገሪያ አይገጥሙም፤ ጥርሱን እንደገና ላስወጣው ቢሉ ደግሞ ለፍተሻ እንደገና መላክ አለበት። እኔ በተቃራኒው ስመጣ ወጪውን አስልቼ ጠመንጃዬን ፈቃድ ላለው አዳኝ ሸጥኩ፤ እርሱም እኔም ለየጽሕፈት ቤታችን አሳወቅን። መቀነሻውን እንኳንስ ላመጣው ልሞክረውም አልችልም ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ ግለሰብ ሳይለንሰር ከውጭ እንዲያስገባ አይፈቅድምና ለገዛሁበት ሱቅ መልሼ በግማሽ ዋጋ ተሰናበትኩት።

የአሜሪካው ጥብቅነት ከታሪኩ የመጣ ነው። ይህን ዕቃ በ1909 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ የማክሲም መትረየስ ፈጣሪ ልጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ በነፃ ይሸጥ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ግን ብሔራዊው የመሣሪያ ሕግ ከመትረየስ ጋር በአንድ መዝገብ አስገባውና ለእያንዳንዱ ዝውውር 200 ዶላር ግብር ጣለበት። ግብሩ ከ90 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሳይለንሰር ዜሮ ሆኗል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሰምተው «ነፃ ወጣ» እያሉ ነው፤ አልወጣም። የጣት አሻራው፣ ፎቶግራፉ፣ ምዝገባውና ፈቃዱ ደርሶ እስኪረከቡ መጠበቁ እንዳለ ነው። እኔ 200 ዶላሩን ከፍዬ 8 ወር ጠብቄያለሁ።

ወንድምዎ ቤት ስለማስቀመጥ፦ ሳይለንሰሩ በግለሰብ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ እርስዎ በሌሉበት ወንድምዎ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ መተው ያልተመዘገበ ዝውውር ሊባል ይችላል፤ ለሁለታችሁም አደገኛ ነው። ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ ባለ ካዝና ውስጥ መቆለፍ ወይም ሥራው ይህ በሆነ የተፈቀደለት ነጋዴ በኩል መፍትሔ መፈለግ ይሻላል። ደግሞ ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ፣ ሳይለንሰሩን መኪና ውስጥ ረስተው ድልድዩን ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ እንዳይገቡ፤ እዚያ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ኒውጀርዚም እንዲሁ ይከለክላሉ።

በአስተያየት ከጠየቁት አንዱ «ኒውዚላንድ ያለ ፈቃድ ይሸጣል» ብሎ ነበር፤ ስለ ዛሬው ፈቃድ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. የክራይስትቸርች ግድያ በኋላ አብዛኞቹ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ሲታገዱ ግን መቀነሻው አልታገደም። ካናዳ ግን ለማንም ተራ ባለፈቃድ አትፈቅድም። ከእንግሊዝ በአስተያየት የጠየቀውን ወንድማችንን በተመለከተ፣ ፖሊስ ለጠመንጃ በሚሰጠው የ5 ዓመት የምስክር ወረቀት ላይ መቀነሻውም ተጽፎ ሲፈቀድ አይቻለሁ፤ ራሱ ፈቃድ ለማይጠየቅበት የአየር ጠመንጃ ግን ይህ አያስፈልግም።

ወደ አገር ቤት ስለማስገባት በአጭሩ እመልሳለሁ፤ አያስቡት። በውጅግራና በምንሽር ስም እየተፎከረ ላደግን ሰዎች ጠመንጃ የክብር ዕቃ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ማስገባትም ሆነ መያዝ ያለ ፈቃድ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ደንግጓል፤ ኮንቴይነር ውስጥ ከቤት ዕቃ ጋር መደበቅ ደግሞ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ላኪውንም ተቀባዩንም ያስጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን ሳለሁ ባለቤቴ የአደን ጃኬቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንድ ሙሉ ጥይት አገኘች፤ እዚያ ጥይትም እንደ ጠመንጃው ካዝና ውስጥ መቆለፍ አለበት፤ ተቆጣጣሪዎችም ያለ ጥርጣሬ መጥተው ቤት ማየት ይችላሉ። የባሰው ግን በሳምንቱ ያንኑ ጃኬት ለብሼ በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ልበር መዘጋጀቴ ነበር። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የሻንጣና የልብስ ኪስ ሁሉ ይገልብጡ፤ ቀለህም ቢሆን አይቅር።

አሁን ለመቀጠል አንድ መረጃ ያስፈልገኛል፤ ሳይለንሰሩ የተመዘገበው በግል ስምዎ ነው ወይስ በትረስት (ንብረትን በአስተዳዳሪዎች እጅ በሚያስይዝ ሕጋዊ ሰነድ)? በትረስት ከሆነና ወንድምዎ በአስተዳዳሪነት ከተጻፈ፣ ከላይ ስለ እርሱ ያልኩት ይለወጣል፤ እርሱ ዘንድ መቀመጥ ይችላል።