ኳሷ መሬት ላይ ናት፤ አዲስ ፌርዌይ ውድ ለምትመርጡ ወጣቶች

ይድረስ ለእናንተ፣ ጎልፍ ከጀመራችሁ ሁለትም ሦስትም ዓመት ለሆናችሁና ቦርሳችሁ ውስጥ የሚገባ አዲስ ፌርዌይ ውድ፣ ማለትም ኳስን ከሣር ላይ ሩቅ ለመምታት የሚያገለግል ረጅም ዱላ («ውድ» በእንግሊዝኛ እንጨት ነው)፣ ለምትፈልጉ ወጣቶች።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎልፍ አስተምሬአለሁ። ለተጫዋቾች ዱላ ስመርጥ፣ ሻፍት (የዱላውን ዘንግ) ስቀይር፣ ልክ ሳስተካክል ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎቼ ከገዟቸው ዱላዎች ሁሉ ቶሎ የሚቆጩበት የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ሳላመነታ 3 ውድ፣ ማለትም ከተለመዱት ፌርዌይ ውዶች ረጅሙን እላለሁ። ዱላው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲገዙት የመቱት ምት ሌላ፣ ሜዳ ላይ የሚጠብቃቸው ምት ሌላ ስለሆነ ነው።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ስዊንጉ (የዱላ አወዛወዙ) ለዓይን ደስ የሚል ልጅ ነው። አዲስ የገዛውን 3 ውድ ይዞ መጣ፤ ሎፍቱ (ኳሷን የሚመታው የዱላው ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለበት መጠን) 13.5 ዲግሪ፣ ፊቱ ቁመታም፣ ሻፍቱ ደንዳና። «ስሞክረው እንደ ጥይት ይወጣ ነበር፤ ሜዳ ስገባ ግን ኳሷ አልነሳ አለችኝ» አለኝ። የት እንደሞከረው ስጠይቀው የልምምድ ምንጣፍ ላይ፣ ያውም በጎማ ቲ (ኳሷን ከፍ አድርጎ በሚይዝ ማስቀመጫ) እንደሆነ ነገረኝ። ወደ ሣሩ ወሰድኩት። የዱላውን ፊት ነጭ የእግር ፓውደር ነፋሁበትና አጥሮ ከታጨደው ሣር ላይ አሥር ኳስ እንዲመታ አደረግኩ። አሥር ሲሞላ ዱላውን ቀና አድርገን አየነው። ከአሥሩ ምልክት ሰባቱ ፊቱ ላይ ከተቀረጹት መስመሮች ከታችኛው በታች፣ ከጠርዙ አንድ ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ ተደራርበዋል። የፊቱ መሃል ላይ ፓውደሩ እንደተነፋ አለ፤ አንድም ኳስ አልነካውም።

ከዚያ ሎፍቱ 18 ዲግሪ የሆነ፣ ፊቱ አጠር ያለ 5 ውድ ሰጠሁት። ሦስተኛው ኳስ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አሥሩን ሲጨርስ ኳሶቹ ያረፉበትን በእርምጃ ለካን፤ በአማካይ 5 ውዱ ከ3 ውዱ በ12 እርምጃ ይርቅ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ቆመና «ሎፍቱ የበዛው እንዴት ይርቃል?» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚህ ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው ኳሷ ላይ ነው። በሕጉ መሠረት የጎልፍ ኳስ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። እንግዲህ ጠንከር ባለ ፌርዌይ (አጥሮ በታጨደው የሜዳው ሣር) ላይ ስትቀመጥ ወገቧ ከመሬት የሚርቀው 21 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ አውራ ጣት ጎን ቢያስቀምጡ የሚደርስ ማለት ነው። ዱላው የሚያገኛት እዚያ ከፍታ ላይ ወይም ዝቅ ብሎ ነው። የዱላው ራስ የክብደት ማዕከል ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትመቱ ምቱ ከማዕከሉ በታች ያርፋል። ያን ጊዜ ኳሷ ፍጥነቷን ታጣለች፣ ዝቅ ብላ ትወጣለች፣ ወደ ኋላ የምትሽከረከረውም ይበዛል። ቲ ላይ ስትሰቅሏት ግን ኳሷ ራሷ ወደ ማዕከሉ ከፍ ስለምትል ችግሩ አይታያችሁም። ምንጣፍም እንዲሁ ይደብቃል፤ ዱላው ከኳሷ ቀድሞ መሬት ቢነካ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ እንደ ሣር አይይዝም።

ፊቱ አጠር፣ ሶሉ (የታችኛው ገጹ) ሰፋ ያለ ዱላ ከመሬት ለመምታት የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪዎቹ የራሱን ክዳን ከካርቦን የሚሠሩት፣ ተንግስተን የመሰለ ከባድ ብረት ከታች የሚጨምሩትም የክብደት ማዕከሉን ለማውረድ ነው። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ ኳሷ በቀላሉ ትነሳለች፣ ከመሃል ውጭ የተመታችውም ብዙ አትበላሽም። ወደ ፊት ሲመጣ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል፤ ያ የሚጠቅመው ፈጥኖ ለሚመታና መሃሉን ለማይስት ተጫዋች ነው። ስለ አዲስ ሞዴል የሚነገራችሁ ነገር ቢበዛባችሁ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ብቻ ጠይቁ።

የታላላቆቹንም ምርጫ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ይህንኑ ታገኛላችሁ። በ1935 ዛሬ ማስተርስ በምንለው የኦገስታ ውድድር የመጨረሻ ዙር፣ አሜሪካዊው ተጫዋች ጂን ሳራዘን 15ኛው ጉድጓድ ላይ ሁለተኛውን ምት ሊመታ ሲቆም 235 ያርድ (215 ሜትር) ያህል ቀርቶት ነበር። ጨዋታውን ጨርሶ ከሚጠብቀው መሪ ከክሬግ ዉድ በ3 ምት ወደ ኋላ ነው። ርቀት ብቻ ቢፈልግ 3 ውድ ይይዝ ነበር። ኳሷ ግን ጥሩ አልተቀመጠችም፤ ሣሩ ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ ሎፍቱ የበዛውን 4 ውድ መረጠ። ኳሷ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት እጅግ አጥሮ የታጨደ ሣር) ላይ ደርሳ ተንከባላ ጉድጓድ ገባች፤ ፓር 5፣ ማለትም በ5 ምት ማለቅ የሚጠበቅበት፣ የነበረው በ2 ምት አለቀ። በአንድ ምት ከመሪው ጋር እኩል ሆነ፣ በማግስቱም በ36 ጉድጓድ መለያ አሸነፈ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዕድሉ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን፣ እንዲህ ባለ ሰዓት፣ ሦስት ምት ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ጎንበስ ብሎ የኳሷን አቀማመጥ ማየቱና አቀማመጧ ያዘዘውን ዱላ መያዙ ነው።

ወደ እናንተ ቦርሳ ልመለስ። ሕጉ የሚፈቅደው 14 ዱላ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሥራ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ ድራይቨራችሁ (ከሁሉ የሚርቀው ዱላ) በአየር ላይ ስንት ያርድ እንደሚሄድ፣ ከዚያ ከአይረኖቻችሁ (ከብረት ዱላዎቻችሁ) መካከል ከአሥር ሰባቱን በትክክል የምትመቱት ረጅሙ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ፌርዌይ ውድ የሚፈልገው። ድራይቨሩ 210 ሄዶ 5 አይረኑ 150 ላይ ከቀረ፣ የ60 ያርድ ክፍተት አላችሁ ማለት ነው። ያንን የሚሞላው አንድ ዱላ አይደለም፤ ሁለት ምናልባትም ሦስት ነው። ታዲያ እጅግ ረጅሙን አንድ ዱላ ገዝቶ መሃሉን ባዶ መተው ምን ይጠቅማል?

አብዛኛውን ጊዜ 3 ውድ 15 ዲግሪ፣ 5 ውድ 18 ወይም 19፣ 7 ውድ 21 ወይም 22 ዲግሪ ሎፍት አላቸው። የሻፍቱ ርዝመት ቁጥሩ በጨመረ መጠን በግማሽ ኢንች ገደማ እያጠረ ይሄዳል፤ 3 ውዱ 43 ኢንች አካባቢ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዱላዎች ግን እኩል ላይሆኑ ይችላሉና የተጻፈውን ዲግሪ እዩ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። በእኔ ልምድ ድራይቨራቸውን በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በታች የሚያወዛውዙ ተጫዋቾች 3 ውድን ከመሬት በደንብ ማንሳት ይከብዳቸዋል። ለእነሱ 3 ውዱና 5 ውዱ የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፤ አንዳንዴም እንደዚያ ልጅ 5 ውዱ ይቀድማል። እንዲህ ከሆናችሁ ከ5 ውድ ጀምሩና 7 ውድ ጨምሩበት። 3 ውድ የሌለው ቦርሳ ጎዶሎ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ስለ 7 ውድ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ዱላ ነውና። ለረጅም ጊዜ የአዛውንትና የደካማ ዱላ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ውድድር ላይ ያሉ ፕሮፌሽናሎች ሳይቀሩ ይይዙታል። ምክንያቱ ከፍ ብሎ ይወጣና ቁልቁል ይወርዳል፤ ኳሷ ግሪኑን ነክታ ተንከባላ ከማለፍ ይልቅ እዚያው ትቀራለች። ሃይብሪድ (በውድና በአይረን መካከል ያለ ዱላ) ከጥልቅ ሣር ለመውጣት የተሻለ ነው፣ ዝቅ ብሎም ነፋስ ይሰነጥቃል፤ ግን ብዙ ተጫዋች ላይ ኳሷን ወደ ግራ ይጎትታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳትመቱ አትወስኑ።

ከመሬት ሳይሆን ከቲ የምትመቱበትን ፌርዌይ ውድ የምትፈልጉም ትኖራላችሁ። ጠባብ ጉድጓዶች ላይ ድራይቨሩ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ያ ትክክለኛ ፍላጎት ነው። ያን ጊዜ ፊቱ ቁመታም የሆነ 3 ውድ ያገለግላችኋል። በ2016 ሮያል ትሩን በተባለው ሜዳ ላይ ዘ ኦፕን የተባለውን ትልቅ ውድድር በ264 ምት ያሸነፈው ሄንሪክ ስቴንሰን በ3 ውዱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ትቶ በእሱ ይጀምራል። ግን የእሱ የእሱ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በወጣትነቴ አንድ የማደንቀው ተጫዋች የሚይዘውን ዓይነት 3 ውድ አገኘሁ፤ ሻፍቱ ከአቅሜ በላይ ደንዳናና ከባድ ነበር። ኳሶቼ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄዱ። ዱላውን መተው ሲገባኝ ስዊንጌን ቀየርኩለት፤ እጄን እያጣመምኩ ፊቱን መዝጋት ለመድኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጫወትኩ። ከዚያ ያንን ልማድ ከአይረኖቼ ላይ ለማስወጣት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዱላው ከእናንተ ጋር ካልሄደ እናንተን ይለውጣችኋል፤ ጉዳቱም እሱ ላይ ብቻ አይቀርም።

ስለዚህ ሻፍቱን አትናቁት። ድራይቨራችሁ ላይ የሚስማማችሁን ጥንካሬ ይዛችሁ፣ ክብደቱን ከእሱ በ5 ወይም በ10 ግራም ጨመር አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ዱላው አጠር ስለሚል ጥቂት ክብደት ምቱን ያረጋጋዋል። ሎፍቱ በቁልፍ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፤ አብዛኞቹ ላይ ሎፍት ስትጨምሩ ፊቱ ወደ ግራ ይዘጋል፣ ስትቀንሱ ይከፈታል። ዙር ከጀመራችሁ በኋላም መቀየር በሕጉ አይፈቀድም።

አንድ ነገር በቁጥር አይለካም፤ ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ እንዴት ይታያችኋል? እኔ ስጀምር የነበሩት ዱላዎች ራሳቸው እውነተኛ እንጨት፣ ፐርሲመን ነበር፤ የብረት ራስ እየተስፋፋ የመጣው ዱላ ሠሪው ቴይለርሜድ በ1979 የራሱን ካወጣ በኋላ ነው። ያኔ ራሶቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ከኳሷ ኋላ ሲቀመጡ ዓይን አይጨነቅም። ዛሬ ትልቅ ራስ የሚያረጋጋው ሰው አለ፣ ትንሽ ራስ የሚያረጋጋውም አለ። ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩት ፊቱ የተዘጋ ከመሰላችሁ ሳታውቁት እጃችሁ ያስተካክለዋል። ዓይናችሁ ያልወደደውን ዱላ ተዉት።

ስትሞክሩ ሣር ያለበት ቦታ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ምንጣፉ ላይ ያለ ቲ ምቱ። ኳሷን ከፊት እግራችሁ ተረከዝ ጥቂት ወደ ውስጥ አድርጉና ለማንሳት ሳትሞክሩ ሣሩን እየጠረጋችሁ ምቱ፤ ማንሳት የሎፍቱ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ ይበቃል። ከአሥሩ የሄደውን ረጅሙን አትመዝግቡ፤ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ደርድራችሁ ከመጨረሻ አራተኛውን መዝግቡ። መሣሪያ ካለ ኳሷ በአየር ላይ የሄደችውን ርቀትና የምትወርድበትን አንግል ጠይቁ፤ ተንከባላ የጨመረችው ግሪን ፊት ባንከር (የአሸዋ ጎድጓዳ) ሲኖር አይቆጠርም። ድካም ሲሰማችሁ አቁሙና ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ያ ልጅ 3 ውዱን መለሰና 5 ውዱን ወሰደ። ከወር በኋላ 7 ውድም ይዞ አየሁት። እናንተም አዲሱን ከገዛችሁ በኋላ ቢያንስ አሥር ዙር ተጫወቱበት፤ በየዙሩ ከመሬት የመታችሁትን፣ ኳሷ እንዴት ተቀምጣ እንደነበረና የት እንዳረፈች በውጤት ካርዱ ጥግ ላይ ጻፉ። አሮጌውን ዱላ እስከዚያ ድረስ ለማንም አትስጡ።