የሙዚቃ ደራሲውና ፒያኖ ተጫዋቹ ራክማኒኖፍ ከሩሲያ ከወጣ በኋላ ለምን ጥቂት ሙዚቃ ብቻ ደረሰ?

"ችሎታው ነጥፎበት ነው ወይ?" ብለሃል። እኔ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ኑሮ ነው።

በ1917 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አብዮቱን ሸሽቶ ሲወጣ ንብረቱ እዚያው ቀረ። ዕድሜው 44 ነው፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብም አለው። በ1918 አሜሪካ ገባና ፒያኖ በመጫወት መኖር ጀመረ። ችግሩ ምን መሰለህ? ያን ጊዜ ድረስ መድረክ ላይ የሚጫወተው በአብዛኛው የራሱን ድርሰት ነበር። አሁን የሌሎች ደራሲዎችን፣ የነሾፓንን፣ የነሊስትን ሥራ ማጥናት ግድ ሆነበት። ልምምድ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በ1909 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሦስተኛውን ኮንሰርቶውን (ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ሥራ) መርከብ ላይ ያጠናው ድምፅ በማያወጣ ኪቦርድ ነው! እንዲህ የሚለማመድ ሰው፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ መቼ ሙዚቃ ይድረስ?

የአገር ናፍቆቱም ቀላል አልነበረም። ከስደት በኋላ ኦፐስ ቁጥር (የድርሰት ተራ ቁጥር) የተሰጣቸው ሥራዎቹ 6 ብቻ ናቸው። ግን በ1934 የጻፈውን የፓጋኒኒ ራፕሶዲ፣ ማለትም በቫዮሊኒስቱ ፓጋኒኒ ዜማ ላይ የሠራውን ድርሰት፣ በተለይ 18ኛውን ቫሪዬሽን (ዜማው ተለዋውጦ የሚቀርብበትን ክፍል) ስማው። የፓጋኒኒን ዜማ ገልብጦ ነው የሠራው፤ ወደ ላይ የሚሄደውን ወደ ታች፣ ወደ ታች የሚወርደውን ወደ ላይ። ነጥፏል የሚባል ሰው ይህን አይሠራም።